ጡረታ የወጡ አይሮፕላኖች ለትርዒት ሊበሩ ይገባልን?

(በአዳማ ከተማ በተደረገው የማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰማ ንግግር)



የሰው እጅ የሠራው መሣሪያ ሁሉ ዕድሜ አለው። ማረሻ ሲዶለድም ይሳላል፤ ሲያልቅ ይጣላል፤ ማንም አያለቅስለትም። ጥቂት መሣሪያዎች ግን ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላም ከሰው ልብ አይወጡም። ከእነዚህም መካከል አይሮፕላን ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛል። አገልግሎቱን ፈጽሞ በሃንጋር ጥግ አቧራ ሲለብስ ያየ ሁሉ፣ “ይህ እንዴት ቆሞ ይቀራል? ቢያንስ በበዓል ቀን ተነሥቶ ለምን አይታይም?” ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በስሜት ብቻ የሚሰጥ አይደለም። የዚህ ንግግር ዓላማም ጥያቄውን በመሐንዲስ ሚዛን መመዘንና ከዚህ ከአዳማ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በቢሾፍቱ ላሉት የአቪዬሽን ቅርሶች የሚበጀውን ማመልከት ነው።

፩. የኮንኮርድ ምሳሌ

ጥያቄው በዓለም ላይ ጎልቶ የተነሣው ከድምፅ ፈጣን በሆኑት የመንገደኛ አይሮፕላኖች ምክንያት ነው። እነዚህም ሁለት ብቻ ነበሩ። የሶቪየት ኅብረቱ ቱፖሌቭ 144 እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 31 ቀን 1968፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ የጋራ ሥራ የሆነችው ኮንኮርድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2 ቀን 1969 ለመጀመሪያ ጊዜ በረሩ። ቱፖሌቩ እ.ኤ.አ. በ1973 በፓሪስ የአየር ትርዒት ላይ ተከስክሶ 6 የበረራ ሠራተኞችንና በምድር የነበሩ 8 ሰዎችን ሕይወት አጠፋ፤ የመንገደኛ አገልግሎቱም እ.ኤ.አ. በ1978 ተቋረጠ። ኮንኮርድ ግን መቶ ያህል መንገደኞች ይዛ፣ ከድምፅ በእጥፍ ፍጥነት አትላንቲክን በሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ እያቋረጠች 27 ዓመት አገለገለች። በጠቅላላው የተሠሩት 20 ሲሆኑ በንግድ አገልግሎት ላይ የዋሉት 14 ናቸው።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 25 ቀን 2000 ከፓሪስ የተነሣች አንዲት ኮንኮርድ በመንደርደሪያው ላይ የወደቀ የብረት ቁራጭ ጎማዋን አፈንድቶት፣ የጎማው ስባሪ ከክንፏ ሥር ያለውን የነዳጅ ጋን መትቶት በእሳት ተያይዛ ወደቀች፤ 113 ሰዎችም ሞቱ። የቀሩት ተሻሽለው ቢመለሱም መንገደኛው ቀነሰ፤ የጥገናው ወጪ ናረ፤ ኤርባስም የመለዋወጫና የምሕንድስና ድጋፉን እንደሚያቆም አስታወቀ። በዚህም ምክንያት የመጨረሻዋ ኮንኮርድ እ.ኤ.አ. በኅዳር 26 ቀን 2003 ወደ ፊልተን በርራ ዐረፈች። ከዚያ ወዲህ ወዳጆቿ፣ “አንዲቱ እንኳ ለትርዒት ትብረር” ማለታቸውን አልተዉም።

፪. “ትብረር” የሚሉ ወገኖች ክርክር

የእነዚህ ወገኖች ሐሳብ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። አንደኛ፣ መሣሪያ በሥራ ላይ ካልታየ ጠባዩ አይታወቅም ይላሉ። ቆሞ የሚታይ አይሮፕላን ቅርጹን እንጂ ድምፁን፣ የሞተሩን ኃይል፣ ከምድር ሲለቅ የሚሰጠውን መንፈስ አያሳይም። ሁለተኛ፣ ዕውቀት በመጽሐፍ ብቻ አይቀመጥም፤ በእጅና በጆሮ ይኖራል። ሞተሩ ሲያጓራ ሰምቶ ጤንነቱን የሚያውቅ ቴክኒሻን፣ ሞተሩ ለዘለዓለም ዝም ሲል ዕውቀቱን የሚያወርሰው ያጣል። ሦስተኛ፣ አንድ ሕፃን በሰማይ ያየው አይሮፕላን የሕይወቱን አቅጣጫ ሊወስን ይችላል። ብዙ አብራሪዎችና መሐንዲሶች የሙያቸው መነሻ ይኸው መሆኑን ይመሰክራሉ።

ሥራው የማይቻል እንዳልሆነም ማስረጃ አለ። ቫልካን የተባለው የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ አይሮፕላን ከአገልግሎት ከወጣ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ከሕዝብ በተዋጣና ከሎተሪ በተገኘ ገንዘብ ታድሶ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2015 በትርዒቶች ላይ በርሯል። ቱፖሌቭ 144 ራሱ፣ በሠሪው ድርጅት እጅ ሞተሩ ተለውጦለት እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 1999 ለሩሲያና ለአሜሪካ የጋራ ምርምር በርሯል።

፫. የመሐንዲሱ መልስ

ይህ ሁሉ እውነት ቢሆንም ቅሉ፣ ከላይ በተጠቀሱት ምሳሌዎች ውስጥ አንድ የጋራ ነገር አለ፤ ከአይሮፕላኑ ጀርባ ኃላፊነቱን የተሸከመ ሠሪ ነበረ። ቱፖሌቩ የበረረው ሠሪው ስለ ነበረ ነው። ቫልካንም የቆመው ገንዘብ ወይም ፍቅር ስላጣ ብቻ አይደለም፤ የምሕንድስና ዋስትና ይሰጡ የነበሩት ኩባንያዎች፣ ባለሙያቸውና ዕውቀታቸው ከዘመኑ ጋር እየራቀ መሄዱን ገልጸው ድጋፋቸውን ስላነሡ ነው። አይሮፕላን ብረትና ሽቦ ብቻ አይደለም። ሥዕሎቹ፣ የሙከራ መዝገቦቹ፣ የድካም ስሌቶቹ፣ እያንዳንዱ ዕቃ በስንት ሰዓት እንደሚለወጥ የሚደነግገው መጽሐፍ፣ ለዚያም የሚፈርመው መሐንዲስ ሁሉ የአይሮፕላኑ አካል ናቸው። ፈራሚው ሲጠፋ፣ ቅርጹ ሙሉ ሆኖ ቢታይም አይሮፕላኑ ጎድሏል።

ሁለተኛው መልስ ከኮንኮርድ ጠባይ ይመነጫል። በከፍተኛ ፍጥነት ስትበር አፍንጫዋ ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግል፣ አካሏም በሙቀቱ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝም ነበር። ነዳጇ ክብደትዋን ለማመጣጠን ከጋን ወደ ጋን ይተላለፍ፣ ሙቀትንም ይመጥ ነበር። ይህ ሁሉ ጥበብ የሚሠራው ከድምፅ በላይ ስትበር ነው። በትርዒት ሜዳ ላይ ግን፣ በድንጋጤ ድምፁ ምክንያት፣ ከሕዝብ በላይ በዚያ ፍጥነት መብረር አይፈቀድም። ስለሆነም ተመልካቹ የሚያየው ኮንኮርድን ኮንኮርድ ያሰኛትን ነገር ሳይሆን፣ በሰዓት ከ20,000 ሊትር በላይ ነዳጅ ስትጠጣ የኖረች አሮጌ አይሮፕላን በዝግታ ስታልፍ ነው። “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የሰው ሕይወት ነው። አሮጌው የምድር ባቡር በሞጆና በአዳማ በኩል አልፎ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅም ስፍራውን ለቀቀ። ከአሮጌዎቹ ባቡሮች አንዱ ታድሶ ጎብኚ ይዞ ቢንቀሳቀስና በመንገድ ላይ ሞተሩ ቢጠፋ፣ ባቡሩ ይቆማል፤ ተሳፋሪውም ወርዶ በእግሩ ይሄዳል። ሞተሩ የጠፋበት አይሮፕላን ግን የሚቆምበት ስፍራ የለውም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2015 በእንግሊዝ አገር በሾርሃም ትርዒት ላይ ሃንተር የተባለ አሮጌ ጄት ወድቆ የገደላቸው 11 ሰዎች በአውራ ጎዳና ላይ የነበሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 በስዊስ ተራሮች ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1939 የተሠራ ዩንከርስ 52 ተከስክሶ 20 ሰዎች አልቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 በዳላስ ሁለት የጦርነት ዘመን አይሮፕላኖች በትርዒት መካከል ተጋጭተው 6 ሰዎች ሞተዋል። የአደጋዎቹ ምክንያት የተለያየ ነው፤ የሚያስተምሩት ግን አንድ ነው። ለትርዒት ሲባል ዝቅ ብሎ መብረር፣ ለስሕተት የሚተርፈውን ከፍታና ጊዜ ይነጥቃል።

፬. የቢሾፍቱ ጉዳይ

ኢትዮጵያ ኮንኮርድ አልነበራትም። ይሁን እንጂ ጥያቄው ለእርስዋም እንግዳ አይደለም። በ1921 ዓ.ም. የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ የአገሪቱ የአቪዬሽን ታሪክ ረጅም ነው። ከጠላት ወረራ በኋላ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን አየር ኃይሉን በቢሾፍቱ ሲያደራጅ ሳፊር የተባሉት ማሠልጠኛዎችና ሳብ 17 የተባሉት ቦምብ ጣዮች መጡ። ከእነርሱም በኋላ ፋየርፍላይ፣ ሴበር፣ ካንቤራ ተከተሉ። ኤፍ-5 እና ሚግ 21 ሲጨመሩም ከድምፅ የሚቀድም ፍጥነት በቢሾፍቱ ሰማይ ተለመደ። በ2017 ዓ.ም. የአየር ኃይሉ 89ኛ ዓመት በዚያው ከተማ በአየር ትርዒት ሲከበር፣ አዲሱ ትውልድ ምን ያህል ሰማይ ሰማይ እንደሚያይ ታይቷል። ስለዚህ “አሮጌዎቹስ?” የሚለው ጥያቄ ዛሬ ባይነሣ ነገ መነሣቱ አይቀርም።

ለዚህ ስፍራ ደግሞ ተጨማሪ ስሌት ያስፈልጋል። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚያ ከፍታ የአየሩ እፍግታ በባሕር ዳርቻ ካለው በ17 በመቶ ገደማ ያንሳል። በበጋ ቀትር፣ ሙቀቱ 27 ዲግሪ ሲደርስ፣ አይሮፕላኑ የሚሰማው ከፍታ 2,700 ሜትርን ያልፋል። ክንፉ የሚያነሣው ክብደት ይቀንሳል፤ ሞተሩ ይደክማል፤ መንደርደሪያው ያጥራል። ለአዲስ ሞተር ይህ ተራ ስሌት ነው፤ ከስድሳ ዓመት በፊት ለተሠራ ሞተር ግን የሕይወትና የሞት ልዩነት ሊሆን ይችላል። ጣቢያውም ከከተማይቱ ጋር ጎን ለጎን የቆመ ነው፤ ከሾርሃም ጎዳና ይልቅ ብዙ ሰው በሚመላለስበት መንገድ አጠገብ።

በዚህ ረገድ ከሁሉ ይልቅ የምትጠቀሰው “ፀሐይ” ናት። ይህች አይሮፕላን እ.ኤ.አ. በ1935 በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነት፣ ከኢትዮጵያውያን ጋር በአገር ውስጥ ተሠርታ በልዕልት ፀሐይ ስም ተሰየመች። ወራሪው የኢጣሊያ ጦር ወስዷት ለረጅም ዘመን በቪኛ ዲ ቫሌ ሙዚየም ከቆየች በኋላ፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ለባለቤትዋ ተመለሰች። “ፀሐይ በኢትዮጵያ ሰማይ እንደ ገና ትብረር” የሚል ምኞት ቢነሣ ማንንም አያስደንቅም። ነገር ግን ፀሐይ አንዲት ናት። ብትሰበር የምትተካ አይደለችም። ወደ በረራ ትመለስ ከተባለም ያረጀው እንጨቷና ጨርቋ፣ ሽቦዋና ሞተሯ መለወጥ ይኖርበታል፤ ያን ጊዜ የምትበረው በ1928 ዓ.ም. እጆች የዳሰሷት ፀሐይ ሳትሆን ስሟን የያዘች ሌላ አይሮፕላን ናት። ያማ ከሆነ፣ ዋናዋን ሳይነኩ ሌላዋን ከመጀመሪያው አዲስ አድርጎ መሥራት አይሻልምን?

፭. የሚበጀው መንገድ

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው መደምደሚያ “ሁሉም ይብረር” ወይም “ሁሉም ይቁም” የሚል አይደለም። ቅርሶቹን በሦስት ክፍል መለየት ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ ብቸኛ የሆኑትና ከድምፅ ፈጣን የሆኑት ይቁሙ። የመጀመሪያዎቹ ምትክ የላቸውም፤ ሁለተኞቹ የሠሪዎቻቸው ዋስትና የላቸውም። መቆም ግን መሞት አይደለም። በፓሪስ አጠገብ በለ ቡርዤ ያለችው ኮንኮርድ ባትበርም፣ በጎ ፈቃደኞች ሃይድሮሊኳን አድሰው አፍንጫዋ ዛሬም ዝቅና ከፍ ይላል። በእንግሊዝ አገር በብሩክላንድስ ሙዚየም ደግሞ የአብራሪዎቹ ማሠልጠኛ ሲሙሌተር ታድሶ ጎብኚ እንዲያበርረው ሆኗል። በቢሾፍቱም የኤፍ-5 ክንፍ መቆጣጠሪያዎች ሲንቀሳቀሱ፣ የተቆረጠ ሞተር ውስጡ ሲታይ፣ ተማሪው ከትርዒት ይልቅ ብዙ ይማራል።

ሁለተኛ፣ ቀላልና ዝግተኛ የሆኑት፣ እንደ ሳፊር ያሉት፣ ዕውቀታቸውና መለዋወጫቸው በዓለም ላይ ገና ስላለ፣ በሲቪል አቪዬሽን ባለ ሥልጣን ጥብቅ ምርመራ፣ መንገደኛ ሳይጭኑ፣ ከሕዝብ ርቀው ሊበሩ ይችላሉ። ሦስተኛ፣ የፀሐይ ቅጂ በአገር ልጆች ይሠራ፤ እርስዋ ትብረር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቀደም ሲል “እሸት” የተባለውን የእርሻ አይሮፕላን በአገር ውስጥ ገጣጥሟል። በቢሾፍቱ ደጀን አቪዬሽን፣ በአዳማም የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። ሁለት ሰው የሚይዝ የእንጨትና የጨርቅ አይሮፕላን መሥራት ከእነዚህ ተቋማት ችሎታ በላይ አይሆንም።

፮. ሊዘነጋ የማይገባው

አንድ ነገር ግን ጊዜ አይሰጥም። ብረት በደረቅ አየር ውስጥ ሃምሳ ዓመት ይቆያል፤ ሰው ግን አይቆይም። ሴበርን የጠገኑ፣ የኤፍ-5ን ሞተር ፈትተው የገጠሙ ባለሙያዎች ዛሬ በቢሾፍቱ፣ በአዳማና በሌሎች ከተሞች በጡረታ የሚኖሩ አረጋውያን ናቸው፤ ብዙዎቹም አልፈዋል። ትርዒቱ ያምራል አያምርም በሚል ክርክር አሥር ዓመት ቢያልፍ አይሮፕላኖቹ በቦታቸው ይገኛሉ፤ የሚያውቋቸው ሰዎች ግን አይገኙም።

ለዚህም ምሳሌው ከቅርብ አለ። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለኢትዮጵያ ከሸጠቻቸው ፋየርፍላዮች አንዱ፣ እዚህ እንደ ውዳቂ ብረት ተጥሎ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ወደ ካናዳ ተመልሶ ዛሬ በሺርዋተር ሙዚየም በክብር ይታያል። ካናዳውያኑ አልበደሉም፤ የጣሉትን ሳይሆን የተጣለውን አነሡ። የሚያሳፍረው፣ ዋጋውን ያወቀው የሸጠው እንጂ በእጁ የነበረው አለመሆኑ ነው።

ስለሆነም ማኅበሩ ሊደግፈው የሚገባው ሥራ ከሰማይ ሳይሆን ከምድር ይጀምራል። አረጋውያኑ ይጠየቁ፤ ንግግራቸው በድምፅ ይቀረጽ፤ የጥገና መዝገቦችና ሥዕሎች ከእርጥበትና ከምስጥ ይጠበቁ፤ ወጣት ቴክኒሻኖችም በእነርሱ እጅ ሥር ሆነው ቢያንስ አንድ ሞተር ፈትተው ይግጠሙ። ከዚያ በኋላ የሚበረው ቢበር፣ የሚቆመው ቢቆም፣ የሚያውቀው ሰው አለና ቅርሱ አይጠፋም። ዕውቀቱ የጠፋበት አይሮፕላን ግን፣ በትርዒት ሜዳ ላይ እያጓራ ቢነሣ እንኳ፣ ለሚጋልበው አብራሪና በሥሩ ለቆመው ሕዝብ አደጋ ብቻ ነው።