ቀይ ሁሉ ያረጀ አይደለም
(በልደታ በተካሄደው ዓመታዊ የምሩቃን መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሥራህ የሆነ ነገር ንገረን፤ ሒሳብ ግን አታብዛብን» ብለውኛል። ሒሳብ የለም። ስለ ጋላክሲዎች ነው የማወራው፤ አንድ ስሕተቴንም እነግራችኋለሁ።

ያደግሁት እዚሁ ልደታ ማርያም ጀርባ ነው። ለግንቦት ልደታ ሰፈሩ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ሲቀቅል፣ እኛ ልጆች እሳቱን ከበን ወደ ላይ እናንጋጥጥ ነበር። ያኔ የመንገድ መብራት እንደዛሬው አልበዛም። የሰማይ ፍቅር የያዘኝ እዚያ ነው።

ጋላክሲ ማለት በስበት የተያያዘ የከዋክብት፣ የጋዝና የአቧራ ስብስብ ነው። የእኛው ፍኖተ ሐሊብ ብቻውን ከ100 ቢሊዮን በላይ ከዋክብት አሉት። ጋላክሲዎችን በጅምላ ስናያቸው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ገና ኮከብ የሚወልደው ነው። ቀዝቃዛ ጋዝ አለው፤ ጋዙ በራሱ ስበት እየተሰበሰበ ኮከብ ይሆናል። ከአዲሶቹ ከዋክብት ትልልቆቹ እጅግ የጋሉ ስለሆኑ ብርሃናቸው ወደ ሰማያዊ ያደላል። ዕድሜያቸው ግን አጭር ነው፤ በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ያልቃሉ። ሁለተኛው መውለድ ያቆመው ነው። ሰማያዊዎቹ አልቀው፣ ዕድሜ ጠገቦቹ ቀያዮች ብቻ ቀርተውታል።

እንግዲህ ሰማያዊው ይወልዳል፣ ቀዩ አቁሟል ማለት ነው። ቀላል ነው አይደል? እኔንም ያሳተኝ ይኸው ቅለቱ ነው።

ለድኅረ ምረቃ ጥናቴ የሩቅ ጋላክሲዎችን ዝርዝር ይዤ ሦስት ወር ሙሉ በቀለም ስለይ ቆየሁ። ርቀቱ ራሱ ብርሃኑን እንደሚያቀላው አውቃለሁ፤ እሱን አስተካክያለሁ። ሠንጠረዡን ደስ ብሎኝ ለአማካሪዬ አቀረብኩ። አንዱን በጣታቸው አሳዩኝና፣

«ይሄ ማቆሙን በምን አወቅህ?» አሉኝ።

«ቀይ ነዋ!»

«ጀንበር ስትጠልቅስ ቀይ አይደለችም? አርጅታ ነው?»

ዝም አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዋክብት በሚወለዱበት ቦታ አቧራ ይበዛል። አቧራው ሰማያዊውን ብርሃን ውጦ ቀዩን ያሳልፋል፤ የዋጠውንም ጉልበት በኢንፍራሬድ ብርሃን መልሶ ይለቀዋል። ስለዚህ እጅግ ብዙ ኮከብ የሚወልደው ጋላክሲ፣ ከውጭ ሲታይ ያበቃለት ሊመስል ይችላል። መፍትሔው በሁለት ቀለም መመዘን ነው፦ አንዱ ከአልትራቫዮሌት እስከ ሚታየው ብርሃን፣ ሌላው ከሚታየው ብርሃን እስከ ኢንፍራሬድ። በእርጅና የቀላው በመጀመሪያው ቀልቶ በሁለተኛው ብዙም አይቀላም። አቧራ የጋረደው ግን በሁለቱም ይቀላል። እንደገና ስመዝናቸው፣ አቁመዋል ካልኳቸው ውስጥ ብዙዎቹ ይወልዱ ነበር። የሦስት ወር ሥራዬን ትቼ ከሀ ጀመርኩ።

ይህ ጥናት የሌላ አገር ሥራ ብቻ አይምሰላችሁ። የእንጦጦዎቹ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ለዚህ ርቀት ባይበቁም፣ የትልልቆቹ ቴሌስኮፖች መረጃ ለተመራማሪ ክፍት ነው። እዚሁ አዲስ አበባ በሕዋ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሠሩት ዶክተር ሚርያና ፖቪች የተሳተፉበትና በኢትዮጵያዊ የዶክትሬት ተማሪ የተመራ አንድ ጥናት በ2019 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በሑት ኅብረ ኮከብ አቅጣጫ ያለ የጋላክሲዎች ክምችት ነው፤ ብርሃኑ እኛ ጋ እስኪደርስ ከ4 ቢሊዮን ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። በሀብል ቴሌስኮፕ ምስሎች በቅርጽ ሲለዩ፣ ሞላላዎቹ፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ መውለድ ያቆሙት፣ ወደ ክምችቱ መሐል በዝተው ተገኙ። በጠባብ ሰፈር ውስጥ የጋላክሲው ጋዝ ይገፈፋል፤ አዲስም አይገባለትም።

መጨናነቅ ብቻም አይደለም። በ2023 እ.ኤ.አ. በጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ የተጠና ጂኤስ-9209 የተባለ ጋላክሲ፣ ዩኒቨርስ ገና 1.25 ቢሊዮን ዓመት ሲሆነው መውለዱን አቁሞ ነበር። ዛሬ ዩኒቨርስ 13.8 ቢሊዮን ዓመቱ ነው። በመሐሉ ያለው ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ጋዙን አግሎና ገፍቶ እንዳስቆመው ይጠረጠራል።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ከሰዓት በኋላ ባለው አጀንዳ ላይ «መዋጮ ያቋረጡ አባላት ስማቸው ከመዝገብ ይሰረዝ» የሚል ሐሳብ አለ። ዝርዝሩን አየሁት። ከመካከላቸው የክፍል ጓደኛዬ አለበት። አምና ለሥራ በከተማው ሳልፍ ጎራ አልኩበት። ፊዚክስ ያስተምራል፤ ማታ ማታ ደግሞ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ያለ ክፍያ ያስጠናል። «ለምን ጠፋህ?» ስለው፣ «ማን ፈለገኝ?» አለኝ። እኔም ያላንድ ስልክ ስድስት ዓመት ከርሜ ነበር፤ መልስ አጣሁ።

መዋጮ ይቅር አላልኩም፤ ማኅበሩ በምን ይንቀሳቀሳል? የምለምናችሁ፣ ስም ከመሰረዛችን በፊት ለእያንዳንዱ አንድ ስልክ እንደውል ነው። ዝርዝሩ ኮሚቴው ጋ አለ። እኔ አሥሩን ወስጃለሁ።