ለበራችን የሚሆን ካሜራ፦ በአቅማችን ምን እንግዛ?

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በሒሳብ ሥራ ላይ ባሉ አባላት ስም የቀረበ ንግግር)



ስለ ቤት ካሜራ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁናል። ጥያቄው ከየት እንደመጣ እናውቃለን። ጠዋት ወደ ሥራ ስንወጣ ቤቱን ለልጆችና ለሠራተኛ ትተን ነው። ከመርካቶ አምጥተን የምንቸረችረው ሸቀጥ መጋዘኑ መኝታ ቤታችን ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ በር ቢሰበር እንኳ አይሰማም። ስለዚህ ተመካክረን፣ ሱቆችን ጠይቀን፣ ካልኩሌተር ይዘን ተቀምጠን ያገኘነውን ዛሬ ይዘን ቀርበናል። የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያዎች አይደለንም፤ ሥራችን ገንዘብ የት እንደሚባክን ማየት ነው።

ሐሳባችን ባጭሩ ይህ ነው። መብራት ሲጠፋ አብረው ከሚጠፉ አራት ካሜራዎች ይልቅ፣ መብራት ቢጠፋም የሚሠራ አንድ ካሜራ በሩ ላይ ቢኖረን ይሻላል። የካሜራው የይለፍ ቃል ደግሞ እንደ ቤት ቁልፍ በራሳችን እጅ ይሁን።

በመጀመሪያ ካሜራ ምን እንደማይሠራ እንነጋገር። ካሜራ ያያል እንጂ አይዝም። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ የ40 ዓመት ጥናቶችን የሰበሰበ አንድ ዳሰሳ ካሜራ በተተከለባቸው ቦታዎች ወንጀል በአማካይ በ13 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ውጤቱ ጎልቶ የታየው በመኪና ማቆሚያዎች ነው፤ ከሌላ መከላከያ ጋር ሲጣመርም የተሻለ ሠርቷል። 13 በመቶ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን የላላ መቀርቀሪያን አይተካም። እንግዲያው የመጀመሪያው ብር ለበሩ ቁልፍና ለደጁ አምፖል፣ ሁለተኛው ለካሜራው ይሁን። ጎረቤትና የሠፈር ዘበኛም በዋጋ የማይተኩ ናቸው።

አሁን ወደ ግዢው። ሻጩ «ስንት ካሜራ ትፈልጊያለሽ?» ሲለን እኛ ቀድመን «ምን ማየት ነው የምንፈልገው?» ብለን መመለስ አለብን። ሰው መምጣቱን ማወቅና የመጣው ማን እንደሆነ መለየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የማናውቀውን ሰው ፊት ለመለየት በሙያው የሚሠራበት መለኪያ በምስሉ ላይ ለአንድ ሜትር ስፋት 250 ነጥብ እንዲደርስ ይጠይቃል። በገበያ የተለመደው ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ በአግድም 1920 ነጥብ አለው። 1920ን ለ250 ስናካፍል 7.7 ሜትር ይሆናል። ይህ ማለት ካሜራው የሚያየው ቦታ ከ7.7 ሜትር በላይ ከሰፋ ፊቱ ይደበዝዛል ማለት ነው።

ሌንሱ ላይ 2.8 ሚሊሜትር የሚል ከሆነ ሰፊ ያያል፤ ፊት የሚለየው ግን እስከ 3 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። 4 ሚሊሜትር እስከ 4 ሜትር ገደማ፣ 6 ሚሊሜትር እስከ 7 ወይም 8 ሜትር ይለያል፤ በምትኩ የሚያየው ቦታ ይጠባል። ካርቶኑ ላይ «በጨለማ 30 ሜትር» ተብሎ የተጻፈው መብራቱ የሚደርስበትን ነው፤ ሰውዬው ማን እንደሆነ የምንለይበትን ርቀት አይደለም። ከፍታውም ወሳኝ ነው። ጣሪያ ጫፍ ላይ ከተሰቀለ የምናገኘው የባርኔጣ ፎቶ ነው። 2.5 ሜትር አካባቢ ሆኖ ወደ በሩ መግቢያ ቢያይ ይበቃል።

ሁለት ዓይነት ዕቃ እናገኛለን። አንደኛው ሚሞሪ ካርድ የሚገባበት፣ በስልክ የሚታይ የዋይፋይ ካሜራ ነው። ለኮንዶሚኒየም በር፣ ለተከራይ፣ ለአንድ ክፍል ቤት ይስማማል፤ ቤት ስንቀይር ነቅለን እንወስደዋለን። ሁለተኛው በሽቦ ከመቅጃ ሳጥን፣ ሻጮቹ ዲቪአር ከሚሉት፣ ጋር የሚገናኝ ነው። ሰፋ ላለ ግቢና ለሱቅ ይሆናል። የብሎኬት ግድግዳና የቆርቆሮ በር ዋይፋይን ያዳክማሉ፤ ሽቦን ግን አያስቸግሩትም። ራውተሩ ከበሩ ሩቅ ከሆነ የዋይፋይ ካሜራ ከመግዛታችን በፊት ስልካችንን ይዘን በሩ ላይ እንቁም፤ እዚያ ቪዲዮ ሳይቆራረጥ ከታየ ካሜራውም ሊሠራ ይችላል።

ስለ ማስቀመጫው የሠራነው ሒሳብ ይህ ነው። አንድ ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቢቀዳ በቀን 21.6 ጊጋባይት ይሞላል። አራት ካሜራ ከሆነ 86.4 ጊጋባይት። ስለዚህ የ1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ 11 ቀን ተኩል ያህል ይይዝና አሮጌውን እያጠፋ አዲሱን ይቀዳል። ኤች 265 የሚባለውን አዲሱን የመጭመቂያ ዘዴ የሚችል ዕቃ ተቀራራቢ ጥራት ያለውን ምስል በግማሽ ያህል ቦታ ያስቀምጣል፤ ያው ዲስክ ወደ 23 ቀን ያደርሰናል። ለነጠላ ካሜራ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ብንቆጥር የ64 ጊጋባይት ካርድ 5 ቀን ያህል ይይዛል። ለበዓል አገር ቤት ሄደን በሳምንቱ የምንመለስ ከሆነ 5 ቀን አይበቃንም፤ ትልቅ ካርድ እንግዛ፣ ወይም እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ እንዲቀዳ እናስተካክል።

ኢንተርኔት ከሌለን ካሜራ አይሆንልንም ማለት አይደለም። ካርድ ወይም ሃርድ ዲስክ ያለው ካሜራ ያለ ኢንተርኔትም ይቀዳል። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ከሩቅ ሆኖ ለማየትና ማንቂያ ለመቀበል ነው። በሞባይል ዳታ በሰከንድ 1 ሜጋቢት እያየን አንድ ሰዓት ብንቆይ 450 ሜጋባይት ይሄዳል። ቢሮ ተቀምጠን ቀኑን ሙሉ በር ስናይ ብንውል የዳታው ወጪ በጥቂት ወራት የካሜራውን ዋጋ ይበልጣል። ማንቂያ ሲመጣ ብቻ እንክፈት።

ከሁሉ የሚረሳው መብራት ነው። ሌባ ጨለማን ይወዳል፤ ካሜራው የሚጠፋውም መብራት ሲሄድ፣ ልክ በዚያው ሰዓት ነው። ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ትንሿ ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ትይዛለች። አራት ካሜራና መቅጃው 30 ዋት ቢወስዱ በወረቀት ላይ 3 ሰዓት አትሞላም፤ ባትሪ ሙጥጥ ተደርጎ መሟጠጥ ስለሌለበት በተግባር ከ2 ሰዓት አታልፍም። አንድ 5 ዋት የሚወስድ ባለ ካርድ ካሜራ ግን በዚያችው ባትሪ ሌሊቱን ማደር ይችላል። «አንድ ይበቃል» የምንለው ከዚህ ሒሳብ ተነሥተን ነው። መብራት ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ብሎ ስለሚመጣም መከላከያ ያለው ማከፋፈያ ይኑረን። ለወርሃዊ ክፍያችንም እንወቅ፤ 30 ዋት ሌት ተቀን ሲሠራ በወር 21.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ታሪፉ ደግሞ በአጠቃቀም ደረጃ ከፍ ይላል።

በጀቱን እንዲህ ብንከፍለው ይሻላል እንላለን። ካለን ከእያንዳንዱ 100 ብር 50ው ለካሜራውና ለማስቀመጫው፣ 25ቱ ለባትሪና ለኃይል መከላከያ፣ 15ቱ ለሽቦና ለተከላ፣ 10ሩ ለመጠባበቂያ። ቁርጥ ያለ ዋጋ ያልጻፍንላችሁ በምክንያት ነው። ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያለፈው ዓመት ዋጋ ለዘንድሮ አይጠቀስም። በአንድ ቀን ከሦስት ሱቅ ዋጋ ጠይቁ፤ ሦስቱንም በጽሑፍ ያዙ፤ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ የተካተተ መሆኑንም አረጋግጡ። ያለ ደረሰኝ የተገዛ ዕቃ ዋስትና አለው ብላችሁ አትመኑ። ደረሰኙ ላይ የዕቃው ሞዴልና መለያ ቁጥር፣ ዋስትናው ስንት ወር እንደሆነና ተከላውን ይጨምር እንደሆነ ይጻፍ።

ሱቁ ውስጥ ሳንከፍል የምናደርጋቸው አራት ሙከራዎች አሉ። አንደኛ፣ መብራቱ ይጥፋና የተቀዳውን ምስል እንይ፤ በቀጥታ የሚታየው ሁልጊዜ ያምራል። ሁለተኛ፣ ገመዱን ነቅለን እንመልሰው፤ ሳንነካው ራሱ መቅዳት ይጀምራል? ሰዓቱስ ትክክል ሆኖ ይቀጥላል? ሦስተኛ፣ ደጅ የሚሰቀል ከሆነ አይፒ 66 ወይም 67 የሚል ይኑርበት፤ የኮልፌን ክረምት የሚችለው እሱ ነው። አራተኛ፣ የተቀዳ ቪዲዮ ወደ ስልክ ወይም ፍላሽ እንዴት እንደሚወጣ ሻጩ ያሳየን። በቸገረን ቀን አውጥተን ማሳየት ካልቻልን መቅዳቱ ምን ይሠራልናል?

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ካሜራው የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓትና ቀን ነው። እኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የምንለውን እሱ 2፡00 ብሎ ይጽፋል። ለፖሊስ ቃል ስንሰጥና ቪዲዮ ስናስረክብ ሁለቱ እንዳይጋጩ በሁለቱም አቆጣጠር እንጻፍ፤ ቅጂ ለራሳችን አስቀርተን እንስጥ።

አሁን ጠንከር ወዳለው ጉዳይ እንመጣለን። ካሜራ የምንገዛው ሌላው እንዳያጠቃን ነው፤ ካልተጠነቀቅን ግን ቤታችንን ለሌላ ሰው ዓይን እንከፍታለን። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለ ቫይረስ በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ካሜራና መቅጃ የያዘው ባለቤቶቹ የፋብሪካውን የይለፍ ቃል ስላልቀየሩ ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሪንግ የተባለውን የካሜራ ኩባንያ 5.8 ሚሊዮን ዶላር ያስከፈለው፣ ከክሶቹ አንዱ አንድ ሠራተኛ በመኝታና በመታጠቢያ ቤት የነበሩ ሴቶችን ቪዲዮ በሺዎች ሲመለከት ቆይቷል የሚል ስለነበረ ነው። ዋጋው ውድ የሆነ ካሜራም ቢሆን መኝታ ቤት ውስጥ መግባት የለበትም ማለት ነው።

ስለዚህ ካሜራውን የሚተክለው ልጅ ከመውጣቱ በፊት የይለፍ ቃሉን በራሳችን ስልክ እንቀይር፤ መለያው በራሳችን ስም ይከፈት። ባለቤትም ሆነ ወንድም ማየት ካለበት በእንግድነት ይጋበዝ። ከትዳር ወይም ከቤት የተለየ ሰው በስልኩ ደጃችንን እያየ፣ ማን ገባ ማን ወጣ እያለ የሚቆጥር ከሆነ ያ ጥበቃ መሆኑ ቀርቶ ክትትል ሆኗል። ሁኔታ ሲለወጥ በር እንደሚቀየር ቁልፍ የይለፍ ቃሉም ይቀየር። መተግበሪያው ማደሻ ሲልክም አንለፈው፤ ማደሻው የተገኙ ቀዳዳዎችን ይደፍናል። ስሙ የማይታወቅ፣ ማደሻ የማይመጣለት ርካሽ ዕቃ የሚያሰጋንም በዚሁ ነው።

በሠፈራችን ብዙዎቻችን ግቢ የምንጋራ ነን። ካሜራው ወደ ጋራ መጸዳጃው፣ ወደ ልብስ ማጠቢያው ወይም ወደ ተከራይ በር እንዳያይ። ተከራዮቹም ካሜራ መኖሩን ከአፋችን ይስሙ። ሠራተኛ ስንቀጥርም በመጀመሪያው ቀን «ሳሎኑ ላይ ካሜራ አለ፤ ክፍልሽ ላይ የለም» እንበላት። ልጅቷ የሰው ልጅ ናት፤ ተደብቀው የሚያዩዋት መስሏት ስትሠራ ልጃችንንም በፍቅር አትይዝልንም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 የማንኛውም ሰው ግላዊ ሕይወት እንዲከበር ይደነግጋል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። የሰው ምስል የራሱ ነው። በካሜራችን ያየነውን የጎረቤት ገመና በቴሌግራም መላክ ነውርም ጥፋትም ነው።

በመጨረሻ ሦስት ነገር እንጠይቃችኋለን። ዛሬ ማታ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ በራችሁ ላይ ቆማችሁ ምን እንደሚታይና ምን እንደማይታይ ጻፉ፤ ምናልባት የሚያስፈልጋችሁ አምፖል ብቻ ሊሆን ይችላል። አንድ በር የምትጋሩ አባላት ደግሞ ለየብቻ ከመግዛት ተነጋገሩ፤ አንድ ካሜራና አንድ ባትሪ ለአራት ቤት ሲካፈል እቁብ ለመጣል አቅም የሌላት እህታችንም ትደርስበታለች። ቪዲዮውን ማን እንደሚያይና ወጪው እንዴት እንደሚከፈል በወረቀት ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ሦስተኛ፣ ከሱቅ ያገኛችሁትን የዋጋ ጽሑፍ ሳትከፍሉበት ለሚቀጥለው ስብሰባ ይዛችሁ ኑ፤ አብረን መስመር በመስመር እናየዋለን።