ጣርማ በር፥ የሁለት ውሃ መለያያ
በበዓሉ ቀን የተነገረ ንግግር



የዓባይ ወንዝ በግብፅ ምድር ባሕር ሊገባ ሲል ስለሚዘረጋው ለም ደለል በክፍላችን ተምረናል። ነገር ግን ያ ደለል ከየት ተጠርጎ ሄደ ብለን ብንጠይቅ መልሱ ወደ ገዛ ደጃችን ይመልሰናልና ስለ ጣርማ በር ልንናገር ወደድን።

ጣርማ በር ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚወስደው መንገድ ገደሉን የሚሻገርበት፥ ከፍታውም ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ስፍራ ነው። በዚህ ሸንተረር ላይ የሚዘንበው ዝናብ ዕጣው ሁለት ነው። ወደ ምዕራብ ያዘነበለው በጀማ በኩል ዓባይን ይቀላቀልና ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ከሜዲቴራኒያን ባሕር ይደርሳል። ወደ ምሥራቅ የወረደው ግን በሮቢና በመሰሎቹ ወንዞች ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ በአፋር በረሃ፥ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ጎን ለጎን የወደቁ ሁለት ጠብታዎች ይህን ያህል መራራቃቸው ያስገርማል።

ውሃውም ባዶውን አይሄድም፤ አፈር ይዞ ነው። ግብፅ ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደውን አፈር ስታርስ ብዙ ሺህ ዓመት ኖረች። ታላቁ የአስዋን ግድብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ካለቀ ወዲህ ደለሉ ከግድቡ ኋላ ይቀር ጀመር። ዛሬ ደግሞ የእኛው የሕዳሴ ግድብ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ስለ ተመረቀ፥ ከጀማ አገር የሚታጠበው አፈር የሚተኛው በራሳችን ግድብ ውስጥ ነው። እንግዲህ የተጉለትና የመንዝ ገበሬ እርከን ሲሠራ የሚጠብቀው የራሱን ማሳ ብቻ አይደለም።

የምሥራቁ ፊት ጠባዩ ሌላ ነው። ከገብስና ከጅባራ አገር ተነሥቶ የሚወርድ መንገደኛ በዚያው ቀን፥ ከፍታው 1,300 ሜትር ግድም ከሆነው ከሸዋ ሮቢት ከማሽላው አገር ይደርሳል። ድንጋዩ የጥንት እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ነው፤ የምድር ጥናት ሊቃውንትም በሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ያለውን መሰሉን ድንጋይ ሳይቀር በጣርማ በር ስም ይጠሩታል። ይህ ክብር ቢሆንም ገደሉ ጨካኝ ነው። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ በደብረ ሲና አካባቢ ዝናብ የጠገበው ተዳፋት ተንሸራቶ ቤቱንም እርሻውንም ወሰደ፤ ብዙ ሰው ከቀየው ተፈናቀለ።

ከገደሉ ሥር ያለው አገር ይፋት ነው። በ13ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የወላስማ ነገሥታት የተነሡት ከዚህ ሲሆን፥ የደጋውን ዕቃ ወደ ዘይላ ወደብ የሚያወርደው የነጋዴ መንገድም በአገራቸው ያልፍ ነበር። በሸዋ ሮቢት አቅራቢያ በኖራ የመስጊዳቸው የድንጋይ ግንብ ፍራሽ እስከ ዛሬ ይታያል። ስለ አክሱምና ስለ ላሊበላ አብዝተን ስንማር ይህን አለመጎብኘታችን ያሳዝናል፤ የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አይሆንም።

ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ከወረረ በኋላ ወደ ደሴ የሚያልፈውን የመኪና መንገድ ሲሠራ፥ ተራራውን በስቶ ከ500 ሜትር የሚበልጥ ዋሻ አወጣ፤ በሞሶሊኒም ስም ጠራው። በዚያው ዘመን ግን እነ ራስ አበበ አረጋይ በሸዋ ተራሮች ይዋጉት ነበር። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ ዋሻውም ቀረልን፥ መኪናም እስከ ዛሬ ያልፍበታል። ሆኖም አንዳንድ መንገደኛ አሁንም በዚያ ሰው ስም ሲጠራው እንሰማለን። የስፍራው ስም ጣርማ በር ነው፤ የጠየቀንን ሁሉ እንዲሁ ብለን እንመልስለታለን።