አንድ ብልሽት፣ ብዙ ቀይ ነጥብ

የዛሬው ርዕስ የኔትወርክ ካርታ ነው።

አንድ ባንክ በየከተማው ቅርንጫፍ አለው እንበል። የኔትወርክ ባለሙያው ሁሉንም በአንድ ስክሪን ላይ ያያቸዋል። የኔትወርክ ካርታ የሚባለው ይኸው ነው። ሲስተሙ በየጊዜው ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ አጭር መልእክት ይልካል። መልስ ከመጣ ነጥቡ አረንጓዴ ነው፤ ደጋግሞ ከጠፋ ቀይ ይሆናል።

ታዲያ ብዙ ነጥቦች ባንዴ ቢቀሉስ? ባለሙያው ወዴት ይሩጥ?

እስቲ የሰፈር ትራንስፎርመርን አስቡ። ሲቃጠል ሰፈሩ በሙሉ ይጨልማል። የመብራት ሠራተኛው ግን በየቤቱ እየዞረ አምፖል አይፈታም፤ በቀጥታ ወደ ትራንስፎርመሩ ይሄዳል። ጥሩ የኔትወርክ ካርታም ማን በማን በኩል እንደሚያልፍ ያውቃል።

ለምሳሌ ናጊዮስ የተባለው ሶፍትዌር፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ኔትሴንት ተብሎ የወጣው፣ “ወድቋል” እና “አይደረስበትም” የሚሉ ሁለት ሁኔታዎችን ይለያል። የሐዋሳው ራውተር ቆመ እንበል። “ወድቋል” የሚባለው እሱ ብቻ ነው። በእሱ በኩል የሚያልፉት ይርጋለምና ዲላ ግን “አይደረስባቸውም” ተብለው ይታያሉ። ስለዚህ ለ“አይደረስባቸውም” ማንቂያ እንዳይላክ ከተደረገ የባለሙያው ስልክ በማንቂያ አይጥለቀለቅም፤ መኪናውም ወደ ሐዋሳ ይነሳል።

ይህ ግን በራሱ አይመጣም። የትኛው ቅርንጫፍ በየትኛው ራውተር እንደሚያልፍ ባለሙያው አስቀድሞ መመዝገብ አለበት። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ከካርታው ውበትና ቀለም ይልቅ ግን ትልቁ ቁም ነገር እሱ ነው። አዲስ ቅርንጫፍ በተከፈተ ቁጥርም መዝገቡ ያን ዕለት መታደስ ይኖርበታል።