ባለጎማው የአናጺ ጠረጴዛና የመብራት መመለስ



በጠባብ ግቢ የሚሠራ አናጺ ባለጎማ ጠረጴዛ ሠርቶ የእጅ ኤሌክትሪክ መጋዙን ገልብጦ ከገበታው ሥር ያስረዋል። በሥራ ጊዜ ጎማዎቹ ክብደት እንዳይሸከሙ ማድረግ ቀላል ነው። ችግሩ ያለው ከመጋዙ ማስነሻ ላይ ነው፤ ጣት ስለማይደርስበት ተጭኖ በገመድ ይታሰራል፤ ይህም እንደ ብልሃት ይቆጠራል።

በመካከሉ መብራት ይጠፋል። አናጺው የተወሸቀውን እንጨት ሊያወጣ እጁን ይሰዳል፤ መብራቱም ሳያስጠነቅቅ ይመለሳል።

ስለዚህ አረንጓዴ ማስነሻና ቀይ ማቆሚያ ቁልፍ ያለው ኮንታክተር በመስመሩ ላይ ይግባ። ኃይል ሲቋረጥ ጥቅል ሽቦው መግነጢሱን ያጣል፤ መገናኛዎቹም ይለያያሉ፤ ኃይል ቢመለስ እንኳ አረንጓዴው ቁልፍ ዳግም እስኪጫን አይገጥሙም። በ220 ቮልት 1500 ዋት የሚወስድ መጋዝ 7 አምፔር ያህል ይስባል፤ ሲነሣ ግን ከዚያ እጅግ ስለሚበልጥ ኮንታክተሩ ይህን የሚችል ይሁን። ቀዩ ቁልፍ ጉልበት በሚደርስበት ቦታ ይተከል፤ ሁለቱ እጆች እንጨቱን ይዘዋልና።