ለክረምት ጎርፍ ሕሙማኖቻችንን አስቀድመን እናስብ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እድራችን ሰው ሲሞት ምን እንደሚደረግ ጠንቅቆ ያውቃል። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ቃሬዛው፣ ብረት ድስቱ ሁሉ በመዝገብ የሰፈረ ነው። ዛሬ የምንናገረው ግን ሳይሞቱ ልናተርፋቸው ስለምንችል ወገኖቻችን ነው።

በባሕር ዳር አገሮች ሀሪኬን የሚባል ብርቱ ዐውሎ ነፋስ አለ። በነሐሴ 1997 ዓ.ም. ካትሪና የተባለው የአሜሪካንን ከተማ ኒው ኦርሊንስን በውኃ ሲያጥለቀልቅ ከሞቱት ብዙዎቹ አረጋውያን ነበሩ። እንዲህ ያለው ነፋስ እኛ ዘንድ አይደርስም። የኛ ጠላት ጎርፍ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ኮከብ እየታየ፣ ከበላያችን ደጋው ላይ የዘነበው በሌሊት ይደርስብናል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ ከሁለት መቶ በላይ ሰው የፈጀው በሌሊት፣ ሕዝቡ በተኛበት ነው። ውኃ ሁሉንም ይመታል፤ ቶሎ የሚወስደው ግን መሮጥ ያልቻለውን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የነሐሴ ሌሊት ጎርፍ ሠፈራችን ገባ። የስኳር ሕመም ያለባቸውን አንዲት እናታችንን ጎረምሶች ተሸክመው አወጧቸው። እኛም ተረፉ ብለን ደስ አለን። ኢንሱሊናቸው ከነፍሪጁ ጭቃ ውስጥ መቅረቱን ግን ማንም አልጠየቀም፤ እርሳቸውም ሰው አላስቸግርም ብለው ዝም አሉ። በማግሥቱ ያስመልሳቸው ጀመር፤ በሦስተኛው ቀን ራሳቸውን ሳቱ። ሐኪም ቤት አድርሰን በፈጣሪ ቸርነት ዳኑ። እኛ ግን አፈርን። ለቀብራቸው ድንኳን ያዘጋጀን ሰዎች ለአንድ ብልቃጥ መድኃኒት አላሰብንም ነበር!

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ መድኃኒት በየቀኑ የሚወስድ ሰው ክረምቱ ሳይገባ ሐኪሙን አማክሮ ቢያንስ የአንድ ሳምንት መጠባበቂያ ይያዝ። መድኃኒቱን፣ የሐኪም ወረቀቱንና የጤና መድን መታወቂያውን በፌስታል ደራርቦ አስሮ ከፍ ካለ ቦታ ይስቀል። የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ጎርፍ መጣ ተብሎ አይቋረጥም። ጎርፍ የነካው ኪኒን ግን አይዋጥም።

ሁለተኛ፣ ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ነው። መብራት ከጠፋ ትንሽ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ ከትቶ፣ መካከሉን በአሸዋ ሞልቶ፣ አሸዋውን ውኃ ማጠጣት፣ አፉንም በእርጥብ ጨርቅ መክደን ነው። ጥላና ነፋስ ካለበት ይቀመጥ። ፍሪጅን ባያህልም ከቆላችን ሙቀት ያስጥላል። መድኃኒቱ ግን በውኃ እንዳይነካ በፌስታል ይታሰር። በረዶ የሠራ ኢንሱሊን አይወጋም።

ሦስተኛ፣ ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር ጎርፍ መንገድ እስኪቆርጥባት አትጠብቅ፤ አስቀድማ በጤና ጣቢያ የእናቶች ማቆያ ትግባ።

አራተኛ፣ ጎርፍ ካለፈ በኋላ ውኃ ሳይፈላ አይጠጣ። ያቆረው ውኃ ወባ ያመጣልና በአጎበር እንተኛ፤ ሕመምተኛና ሕፃን ይቅደም።

እድሩም ሦስት ነገር እንዲወስን እንጠይቃለን። የሟች መዝገብ እንዳለን ሁሉ የሕሙማንና የአቅመ ደካሞች መዝገብ ይከፈት፤ ፈቃዳቸው ተጠይቆ፣ ምስጢሩም ተጠብቆ። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ጎረቤት ይመደብ፤ አንዱ ሰውየውን፣ ሌላው መድኃኒቱን ይያዝ። ቃሬዛውም ክረምቱን በሙሉ ከፍ ካለው ቤት ይቀመጥ።

ጡሩምባው ደግሞ አለ። በሌሊት ሲነፋ ሁላችንም ማን ሞተ ብለን ነው የምንነሣው። ለጎርፍ ሦስት ጊዜ አጠር አጠር ተደርጎ ይነፋ። ያንን የሰማ ነጠላ ፍለጋ አይሂድ፤ ወደተመደበለት ቤት ይሩጥ።

ለሞተ የምንደርስ ሰዎች ነን፤ በሕይወት ላለውም እንድረስ።