የነጥብ አራት ትርጉሞች፦ በመሥሪያ ቤት የስልክ ሥርዓት ውስጥ ስላሉ ልዩ የመደወያ ምልክቶች

(ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለእንግዶች በቃል የቀረበ የሕዝብ ገለጻ ሙሉ ጽሑፍ)



ዛሬ የማነሣው ርእሰ ጉዳይ በስሙ ሲሰማ ትንሽ ይመስላል። በመሥሪያ ቤት የስልክ ሥርዓት ውስጥ ከአሐዞች ጎን ስለሚሰለፉ ምልክቶች ነው፤ ስለ ኮከብ፣ ስለ መሰላል፣ ስለ ነጥብ፣ ስለ ቃለ አጋኖ፣ እንዲሁም በአሐዝ ቦታ ስለሚቆሙ ፊደላት። ቴክኒሻኑ አንድ ጊዜ ይጽፋቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አያያቸውም። ይሁን እንጂ የትኛው ጥሪ እንደሚያልፍ፣ የትኛው እንደሚታገድ፣ የስልኩ ሂሳብ ምን ያህል እንደሚሆን የሚወስኑት እነርሱ ናቸው።

የምከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው። እነዚህ ምልክቶች በዓለም ላይ የታወቀ አንድ ወጥ ትርጉም የላቸውም። ትርጉማቸውን የሚሰጣቸው በአንድ በኩል የተጻፉበት ሥርዓት፣ በሌላ በኩል ደግሞ የአገሩ የቁጥር አሰጣጥ ዕቅድ ነው። በመሆኑም ከሌላ አገር ተቀድቶ የመጣ የመደወያ ዕቅድ ሳይመረመር ሥራ ላይ ሲውል ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ ላይወሰን ይችላል።

በጣታችን ከምንነካቸው እንጀምር። በአሜሪካ የቤል ኩባንያ የቁልፍ ስልክን ለደንበኞች ያቀረበው በ1963 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ያ ስልክ አሥር ቁልፎች ብቻ ነበሩት። ኮከብና መሰላል የተጨመሩት በ1968 ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ ሲጫን ሁለት ድምፆች በአንድነት ይወጣሉ፤ አንዱ የረድፉ፣ ሌላው የዓምዱ ነው። ኮከብ 941 እና 1209 ኸርዝ፣ መሰላል ደግሞ 941 እና 1477 ኸርዝ ነው። በማዞሪያው ዘንድ የሁለቱ ምልክቶች ጥቅም ቀላል ነው፤ አሐዝ ስላልሆኑ በማንም ደንበኛ ስልክ ቁጥር ውስጥ አይገኙም። ስለዚህ ማዞሪያው ኮከብን ሲሰማ የመጣለት ቁጥር ሳይሆን ትእዛዝ መሆኑን ያውቃል፤ መሰላልን ሲሰማም ደዋዩ መጨረሱን ይረዳል።

ቀሪ ሂሳባችሁን ለማየት በሞባይላችሁ *804# ስትሉ ይህንኑ ሰዋስው ትጠቀማላችሁ፤ ኮከብ ይከፍታል፣ መሰላል ይዘጋል። ይህንኑ ከመሥሪያ ቤት የጠረጴዛ ስልክ ብትሞክሩት ግን የምትጠብቁትን መልስ አታገኙም። ያ አገልግሎት የሞባይል ኔትወርክ ነው፤ በመሥሪያ ቤቱ ስልክ ላይ ግን ኮከብን አስቀድሞ የሚቀበለው የድርጅቱ የራሱ ማዞሪያ ነው፤ ለራሱ የተሰጠ ትእዛዝ አድርጎም ይተረጉመዋል። የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ነው፤ ምልክቱ አንድ ሆኖ ሳለ ትርጉሙ የሚወሰነው በሚሰማው አካል ነው።

አሁን በጣት ወደማይነኩት፣ በመደወያ ዕቅዱ ውስጥ ብቻ ወደሚጻፉት ምልክቶች እንለፍ። ማዞሪያ አንድ አሐዝ በተቀበለ ቁጥር ለራሱ አንድ ጥያቄ ያቀርባል፤ «ደዋዩ ጨርሷል ወይስ ይቀጥላል?» መልሱን የሚያገኘው አስቀድሞ ከተጻፉለት ንድፎች ነው። ሊደወሉ የሚችሉ ቁጥሮችን ሁሉ አንድ በአንድ መጻፍ ስለማይቻል ንድፉ ተተኪ ምልክቶችን ይጠቀማል።

ምሳሌዬን ከአስተሪስክ እወስዳለሁ። አስተሪስክ በ1999 ማርክ ስፔንሰር የጀመረው፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ የስልክ ማዞሪያ ሶፍትዌር ነው፤ ስሙም ራሱ የኮከብ ምልክት ማለት ነው። በአስተሪስክ ንድፍ በግርጌ ሰረዝ ይጀምራል። ሰረዙ ከተረሳ ሥርዓቱ ፊደላቱን እንደ ተተኪ ሳይሆን እንዳሉ ያነባቸዋል። ከዚያ በኋላ ኤክስ የሚባለው ፊደል ከ0 እስከ 9 ያለውን ማንኛውንም አሐዝ ይተካል። ዜድ ከ1 እስከ 9 ያለውን፣ ኤን ደግሞ ከ2 እስከ 9 ያለውን ይተካሉ። በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ የተጻፈ፣ ለምሳሌ [79]፣ ከሁለቱ አሐዞች አንዱን ይቀበላል።

እዚህ ላይ አንድ ተማሪ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ አለ፤ ኤን ለምን ከ2 ይጀምራል? መልሱ ያለው በሒሳብ ሳይሆን በታሪክ ውስጥ ነው። በሰሜን አሜሪካ የቁጥር ዕቅድ 0 ለኦፕሬተር፣ 1 ለረጅም ርቀት ጥሪ ስለተያዙ የአካባቢ መለያ በእነርሱ አይጀምርም። ኤን የተባለው ምልክት የዚያ አገር ታሪክ በአንድ ፊደል ተጠቅልሎ የተቀመጠበት ነው።

የእኛ ዕቅድ ሌላ ነው። በአገር ውስጥ የሚደወል ሙሉ ቁጥር አሥር አሐዝ አለው፤ የሚጀምረውም በ0 ነው። ሞባይል 09 ወይም 07 ይላል፤ መደበኛ ስልክ አዲስ አበባ 011፣ ድሬዳዋ 025፣ መቀሌ 034፣ ባሕር ዳር 058 ይላል። እንግዲህ በኢንተርኔት ላይ የተገኘ የአሜሪካ ንድፍ እንዳለ ቢገለበጥ አንድም የኢትዮጵያ ሙሉ ቁጥር አያልፍበትም፤ ኤን 0ን አይቀበልምና። በዚህ ጊዜ የቸኮለ ቴክኒሻን ችግሩን የሚፈታው ንድፉን አርሞ ሳይሆን ሁሉን በሚቀበል አንድ ምልክት በመተካት ነው። ያ ምልክት ነጥብ ነው።

የዛሬው ገለጻ ርእስም ከዚሁ የተወሰደ ነው። በአስተሪስክ ነጥብ ማለት «ከዚህ በኋላ አንድም ይሁን ብዙ፣ የመጣውን ሁሉ ተቀበል» ማለት ነው። በሲስኮ ዩኒፋይድ ኮሚዩኒኬሽንስ ማኔጀር ግን ነጥብ አንድም አሐዝ አይተካም፤ የመውጫውን ቁጥር ከዋናው ቁጥር የሚለይ ድንበር ነው፤ ከድንበሩ በፊት ያለው ሲፈለግ ተቆርጦ ይጣላል። በዚያው በሲስኮ ራውተሮች የጥሪ ንድፍ ውስጥ ደግሞ ነጥብ በትክክል አንድ አሐዝ ይተካል። ኤምጂሲፒ በተባለውና በ2003 በወጣው የቁጥር 3435 ሰነድ በተገለጸው የመገናኛ ደንብ ውስጥ ነጥብ ራሱን ችሎ አይቆምም፤ ከፊቱ ያለው ምልክት ምንም ሳይደገም ወይም የፈለገውን ያህል ተደጋግሞ ሊመጣ እንደሚችል ያመለክታል። አንድ ነጥብ፣ አራት ትርጉም።

ቃለ አጋኖም ከዚህ አይሻልም። በአስተሪስክ ምንም ባይመጣም የመጣውም ቢበዛ ይቀበላል፤ በሲስኮ ማኔጀር ቢያንስ አንድ አሐዝ ይጠይቃል። በ1981 በወጣው የሄይስ ስማርትሞደም በተጀመረው የሞደም ትእዛዝ ቋንቋ ደግሞ ቃለ አጋኖ የስልኩን መንጠቆ ለቅጽበት ተጭኖ መልቀቅን ይወክላል። በዚያው ቋንቋ ነጠላ ሰረዝ (,) ለሁለት ሰከንድ ያህል መቆየትን ያመለክት ነበር፤ ዛሬም በሞባይላችን መዝገብ ውስጥ ከቁጥር በኋላ የምናስገባው ነጠላ ሰረዝ የዚያ ልማድ ወራሽ ነው። ወደ ድርጅቱ ቁጥር ተደውሎ ጥቂት ከተቆየ በኋላ የውስጥ መስመሩ ቁጥር በራሱ እንዲላክ ያደርጋል።

ይህ የትርጉም መዘበራረቅ በሥራ ላይ ምን ያስከትላል? ሦስት ነገሮችን እጠቅሳለሁ።

አንደኛው ገንዘብ ነው። ከ00 በኋላ ነጥብ የተጻፈበት የአስተሪስክ ንድፍ የዓለምን አገሮች ሁሉ በር ይከፍታል። የአንዱን የውስጥ መስመር የይለፍ ቃል የገመተ ሰርጎ ገብ በሌሊት ወይም በበዓል ቀን ክፍያቸው ውድ ወደሆነ የውጭ ቁጥሮች ያለማቋረጥ ሊደውል ይችላል። ከጥሪው ገቢ የሚካፈሉ ሰዎች በሌላው ጫፍ ይጠብቁታል፤ ሂሳቡ ግን ለድርጅቱ ይመጣል። የሚደወልባቸው አገሮች ዐምስት ከሆኑ የዐምስቱን መለያ ብቻ መጻፍ ነጥብ ከመጻፍ ይሻላል።

ሁለተኛው የደኅንነት ነው። በኢንተርኔት በኩል የሚመጣ ጥሪ «ቁጥር» አሐዝ ብቻ ላይሆን ይችላል። ነጥብ ፊደልና ምልክትም ስለሚቀበል ሰርጎ ገብ በቁጥሩ መካከል የ& ምልክት ሊያስገባ ይችላል፤ በአስተሪስክ የመደወያ ትእዛዝ ውስጥ ደግሞ & ማለት «ይህንንም ያንንም በአንድነት ጥራ» ማለት ነው። የደዋዩ ቃል ወደ ሥርዓቱ ትእዛዝ ተለወጠ ማለት ነው። የአስተሪስክ አዘጋጆች ይህን በይፋ ያስጠነቀቁት በ2010 ነው፤ የመጣውን ቁጥር ከመጠቀም በፊት ከአሐዝ በቀር ሌላውን ሁሉ ማጣራት እንደሚገባም መክረዋል።

ሦስተኛው የሕይወት ነው፤ ቀሪውን ጊዜዬን ለዚህ እሰጣለሁ።

በ2013 ታኅሣሥ ወር ማርሻል በምትባል የቴክሳስ ከተማ አንዲት እናት በሆቴል ክፍል ውስጥ ጥቃት ደርሶባት ሞተች። አብራ የነበረችው የዘጠኝ ዓመት ልጇ እንደተማረችው 911 ብላ አራት ጊዜ ደወለች። ጥሪው አንድም ጊዜ አልወጣም፤ የሆቴሉ ስልክ ወደ ውጭ ለመውጣት አስቀድሞ ሌላ 9 ይጠይቅ ነበርና። ልጅቱ ይህን የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። የሟቿ አባት ባካሄዱት ዘመቻ «የካሪ ሕግ» የተባለው የፌዴራል ሕግ በ2018 ጸደቀ። ከየካቲት 2020 ወዲህ በአሜሪካ የሚተከሉ የብዙ መስመር ስልኮች ያለምንም መውጫ ቁጥር 911ን በቀጥታ እንዲያስደውሉ፣ ጥሪው ሲደረግም ለሕንፃው ኃላፊ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል።

ይህ የእነርሱ ጉዳይ ነው ብለን እንዳናልፈው የራሳችንን ቁጥሮች እንመልከት። ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ እሳት አደጋ 939 ነው። ሁሉም በ9 ይጀምራሉ። አንድ መሥሪያ ቤት 9ን የመውጫ ቁጥር አድርጎ ከሆነ 991 የደወለ ሰው የመጀመሪያው 9 ለመውጫ ይወሰድበትና 91 ብቻ ወደ ውጭ ይሄዳል። 939 ወደ 39 ይቀየራል። የከፋው 907 ነው፤ መውጫው ሲነሣ የሚቀረው 07 የሞባይል መነሻ ስለሆነ ማዞሪያው ስሕተት መኖሩን እንኳ አያውቅም። ቀሪዎቹን ስምንት አሐዞች በትዕግሥት ይጠብቃል። የሲስኮ ማኔጀር በፋብሪካ ልኩ በአሐዞች መካከል የሚጠብቀው 15 ሰከንድ ነው። በሽተኛ አጠገብ ለቆመ ሰው 15 ሰከንድ ዝምታ ረጅም ነው።

ሦስቱን ቁጥሮች ያለ መውጫ እንዲያልፉ በንድፉ ብናስገባስ? 991 እና 939 ይፈታሉ፤ በሙሉ ቁጥር የሚደረግ የውጭ ጥሪ ሁሉ ከ9 በኋላ በ0 ስለሚቀጥል ከእነርሱ ጋር አይጋጭም። 907 ግን ይጋጫል። ማዞሪያው ወዲያውኑ ወደ አምቡላንስ ካስተላለፈው በ07 የሚጀምር ሞባይል መደወል አይቻልም፤ ከጠበቀም አምቡላንሱ ይዘገያል። ቁጥሩን በሙሉ ጽፎ የመላኪያ ቁልፍ የሚጫን አዲስ ስልክ ይህ ችግር የለበትም፤ አሐዝ በአሐዝ የሚልከው አሮጌው ስልክ ግን አለበት። በብዙ መሥሪያ ቤት ኮሪደርና ጥበቃ ቤት የሚገኘው ደግሞ ይኸው አሮጌው ነው።

መውጫውን 0 ማድረግም የራሱ መዘዝ አለው። 0911 ብሎ የሚጀምር ሞባይል ከመውጫው ጋር 00911 ይሆናል። 00 የዓለም አቀፍ ጥሪ መነሻ፣ 91 ደግሞ የሕንድ መለያ ነው። በዚያው ዕቅድ ውስጥ በ00 የሚጀምር ንድፍም ከኖረ ሥርዓቱ የትኛውን እንደሚመርጥ ማወቅ የሚቻለው የውስጥ ደንቡን ባጠና ሰው ብቻ ነው።

እንግዲህ መፍትሔው የት አለ? ከራሳችን የቁጥር ዕቅድ ውስጥ ነው። የአገር ውስጥ ሙሉ ቁጥሮች ሁሉ በ0፣ የጠቀስናቸው የአደጋ ጊዜ ቁጥሮች በ9 ከጀመሩ የመሥሪያ ቤቱን የውስጥ መስመሮች ከ2 እስከ 5 ባሉት አሐዞች እንዲጀምሩ ማድረግ ይቻላል። ያን ጊዜ የመጀመሪያው አሐዝ ብቻውን የጥሪውን ዓይነት ይናገራል፤ የመውጫ ቁጥር አስፈላጊነቱ ይቀራል። ሞባይልን 0፣ ከዚያ [79]፣ ከዚያ ስምንት ኤክስ ብለን፣ መደበኛ ስልክን 0፣ ከዚያ [1-5]፣ ከዚያ ስምንት ኤክስ ብለን እንጽፋለን። ርዝመቱ የታወቀ ስለሆነ ነጥብ አያስፈልገንም፤ ማዞሪያውም ዐሥረኛውን አሐዝ እንደሰማ ያለ መጠበቅ ያስተላልፋል። 991፣ 907 እና 939 እንደተጻፉ ያልፋሉ።

ውድ ተማሪዎች፤ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ የስልክ ሥርዓት ስትተክሉ ሦስት ነገር አደራ እላችኋለሁ። ምልክቱን ከመጻፋችሁ በፊት በያዛችሁት ሥርዓት መጽሐፍ ውስጥ ትርጉሙን አንብቡ፤ ከሌላው ሥርዓት በምታውቁት አትተማመኑ። «ሁሉን ተቀበል» የሚል ምልክት ስትጽፉ ያ «ሁሉ» ምን ምን እንደሚያጠቃልል ዘርዝራችሁ ለመናገር ሞክሩ፤ መዘርዘር ካልቻላችሁ አትጻፉት። ሥራውንም ከማስረከባችሁ በፊት ለአደጋ ጊዜ ጥሪ ተቀባዮች አስቀድማችሁ አሳውቃችሁ ከጥበቃ ቤቱ ስልክ ጭምር ሞክሩት። በድንጋጤ ውስጥ ያለ ሰው የሚደውለው ከልጅነቱ የሚያውቀውን ሦስት አሐዝ ነው፤ የእናንተ ዕቅድ ከዚያ ሰው ተጨማሪ እውቀት ሊጠይቅ አይገባም።